ከቅል መለከት እስከ ኪነት ቡድን፦ የኅብረት ሙዚቃ ታሪክ በወለጋ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በወለጋ ምድር የኅብረት ሙዚቃ፣ ማለትም ብዙ ተጫዋቾች የሥራ ድርሻ ተከፋፍለው፣ በአንድ ምትና በአንድ ሥርዓት የሚያቀርቡት ሙዚቃ፣ እንዴት እንደ ተደራጀና በምን ለውጦች ውስጥ እንዳለፈ የሚመለከት ነው። በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው። ወለጋ ሲባልም ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት ዞኖች ብቻ ሳይሆኑ፣ ከጣልያን ወረራ ማብቃት በኋላ የተዋቀረው፣ ነቀምቴን ርዕሰ ከተማ ያደረገውና ከሆሮ ጉድሩ እስከ ቄለም፣ ከአርጆ እስከ ጊምቢና አሶሳ ያሉ አውራጃዎችን ያቀፈው የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ማለት ነው። አሶሳ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከወለጋ ተለይታ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ ብትሆንም፣ የአካባቢው የኅብረት ሙዚቃ ታሪክ ግን እርሷን ትቶ ሊተረክ አይችልም፤ ምክንያቱም በቀድሞው ወለጋ ውስጥ ኦርኬስትራ ለሚለው ስም ከሁሉ የቀረበው የሙዚቃ ሥርዓት የሚገኘው በዚያው በአሶሳና በአካባቢዋ በሚኖረው በበርታ ሕዝብ ዘንድ ነው።

ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በአውሮፓ የሙዚቃ ባህል ውስጥ የክር፣ የእንጨት ትንፋሽ፣ የነሐስ ትንፋሽና የምት መሣሪያዎችን በአራት ክፍል አሰልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 የሚደርሱ ተጫዋቾችን የሚይዝ፣ በኖታ የተጻፈን ድርሰት በአንድ መሪ እጅ ምልክት እየተመራ የሚጫወት ትልቅ ጓድ ነው። እንዲህ ያለው ጓድ ለመኖር ከተጫዋቾች ችሎታ በተጨማሪ ተተኪ የሚያፈራ ትምህርት ቤት፣ ቋሚ ደመወዝ፣ የልምምድ ቦታና መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ስለሚያስፈልገው፣ በኢትዮጵያ ከመነሻው ጀምሮ በአመዛኙ በአዲስ አበባ ተወስኖ ኖሯል። ይሁንና የኦርኬስትራ መሠረቱ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወጣው የማይችለውን ዜማ ብዙ ሰዎች ተከፋፍለው በማውጣታቸው ላይ ነው ከተባለ፣ ይህ ጥበብ ወደ ወለጋ ከውጭ የገባ ሳይሆን ቫዮሊንና ትራምፔት ወደ አገሪቱ ሳይደርሱ በፊት በምዕራባዊው ጠረፍ የነበረ ነው።

በበርታ ቋንቋ ዋዛ ተብሎ የሚጠራው መሣሪያ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ሠሪው ለዚሁ ሥራ የሚስማሙ ቅሎችን መርጦ፣ አንገትና ሆዳቸውን እየቆረጠ፣ ጠባቡን ቁራጭ በሰፊው ውስጥ እየሰካና እያሰረ፣ ከአፍ መንፊያው ጀምሮ እስከ ጫፉ ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ቀንድ መሰል ቱቦ ያወጣል። ትንሹ ዋዛ ክንድ የሚያህል ሲሆን ትልቁ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፤ ቱቦው በረዘመ መጠን ድምፁ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ የእያንዳንዱ መለከት ርዝመት የሚወሰነው በጓዱ ውስጥ በሚሰጠው የድምፅ ቦታ ነው። በዚህ የተነሣ ዋዛ እንደ ክራር ወይም እንደ ዋሽንት አንድ ብቻውን ተሠርቶ የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን፣ ከወንድሞቹ ጋር ተመዛዝኖና ተስተካክሎ በስብስብ የሚሠራ መሣሪያ ሆኖ ይገኛል።

አንድ የዋዛ ጓድ በተለምዶ ከ10 በላይ መለከቶችን ይይዛል። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው ድምፅ በመሠረቱ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዜማው የማንም ተጫዋች አይደለም፤ አንዱ ድምፁን አውጥቶ ዝም ሲል ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው በመካከል ይገባል፣ ትልልቆቹ ከሥር ሆነው ምቱን ያጸናሉ፤ ለአድማጭም ከአሥር የሚበልጡ አፎች የሚያወጡት ድምፅ አንድ ሳይቋረጥ የሚዞር ዜማ ሆኖ ይሰማዋል። የሙዚቃ ምሁራን ይህን ድምፅን በየተራ የመቀባበል ስልት ሆኬት ይሉታል። ስልቱ ከሩቅ ሲሰማ ቀላል ቢመስልም ከተጫዋቹ የሚጠይቀው ትኩረት ግን እጅግ ከባድ ነው፤ ጣቶቹን በማፍጠን ስሕተቱን የሚሸፍንበት መንገድ የለውምና፣ አንዲቱን ድምፁን ከቦታዋ ጥቂት አስቀድሞ ወይም አዘግይቶ ቢነፋ ዜማው እዚያው ላይ ይሰበራል። አንድ ተጫዋች ከቀረም የሚጎድለው የድምፅ ብዛት ሳይሆን ከዜማው ውስጥ አንድ የተወሰነ ድምፅ ስለሆነ፣ ጉድለቱን ማንኛውም የአካባቢው ሰው ወዲያው ይለየዋል። ከመለከቶቹ ጋር ደግሞ የእንጨትና የከብት ቀንድ መምቻዎች እየተመቱ ምቱን ይጠብቃሉ፣ ዘፋኞችና ጨፋሪዎችም በዙሪያው ይሰለፋሉ።

የዋዛ ጨዋታ ከእርሻው ወቅት ጋር የተሳሰረ ሲሆን ዋነኛ ጊዜውም እህል ከተሰበሰበ በኋላ ያለው የደስታ ወራት ነው። በርታዎች በኢትዮጵያ ከሚኖሩባቸው ከአሶሳ፣ ከመንጌና ከኩርሙክ አካባቢዎች ባሻገር በሱዳን የጥቁር ዓባይ ግዛትም ስለሚገኙ፣ ይህ ሙዚቃ በሁለቱ አገሮች ድንበር ግራና ቀኝ ይሰማል። በሱዳን በኩል የውጭ ተመራማሪዎች ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ቀድተውት በዓለም የሙዚቃ ክምችቶች ውስጥ እንዲገኝ አድርገዋል። በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ዘመን ግን ከነቀምቴ እስከ አሶሳ ያለው መንገድ ረጅምና አስቸጋሪ፣ የአስተዳደሩ ቋንቋና ባህልም ከበርታዎቹ የራቀ ስለ ነበር፣ ዋዛ በጠቅላይ ግዛቱ ርዕሰ ከተማ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ኖሯል። ይህ ለአካባቢው የሙዚቃ ታሪክ ትልቅ ጉዳት ነበር።

ዋዛ በዓለም ታሪክ ውስጥ ብቻውን የቆመ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሩስያ፣ ያን ማሬሽ የተባለ የቦሄሚያ ተወላጅ ሙዚቀኛ ከሴንት ፒተርስበርግ መኳንንት በአንደኛው ቤት የአዳኞችን ቀንዶች በልክ በልካቸው አሠርቶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ቀንድ በማስያዝ ትልቅ የቀንድ ኦርኬስትራ አቋቁሞ ነበር፤ ያ ኦርኬስትራ የአውሮፓን ድርሰቶች ሳይቀር በዚህ የመቀባበል ስልት ይጫወት ነበር። ሆኖም የሩስያው ተጫዋች በጌታው ትእዛዝ ቆሞ የሚነፋ ገባር ሲሆን፣ የዋዛው ተጫዋች በመንደሩ በዓል ላይ የራሱን ድምፅ ይዞ የሚሰለፍ ገበሬ በመሆኑ፣ ሁለቱ በስልት ቢመሳሰሉም በማኅበራዊ መሠረታቸው ፈጽሞ ይለያያሉ። በኢትዮጵያም ውስጥ በደቡብ የደራሼ ሕዝብ ፊላ የሚባሉ የሸምበቆ ዋሽንቶች በተመሳሳይ መንገድ በኅብረት ይነፋሉ፤ በሰሜኑ ደግሞ ቀዳዳ የሌላቸው እንቢልታዎች በሦስት ሆነው ድምፅ እየተቀባበሉ ከመለከትና ከነጋሪት ጋር ለነገሥታትና ለመኳንንት ክብር ይሰሙ ነበር።

ይህ የቤተ መንግሥት ሙዚቃ የወለጋን ምድር የሚነካው በማዕረግ በኩል ነው። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ከዳግማዊ ምኒልክ የደጃዝማችነት ማዕረግ ያገኙ ሲሆን፣ ይህ ማዕረግ በአገሪቱ ሥርዓት ነጋሪት የማስመታት ክብር ያለው ነበር። ከዚያ በታች ያለው የሕዝቡ ሙዚቃ፣ ማለትም ጀግናው ገድሉን የሚዘረዝርበት ገራርሳ፣ የሠርግና የሥራ ዘፈን፣ አንድ አውጪ ሲያወጣ ሌሎች የሚቀበሉበት የጭፈራ ዜማ፣ በማሲንቆ፣ በክራር፣ በዋሽንትና በከበሮ እየታጀበ በራሱ መንገድ ቀጥሏል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጀመር ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች ለመጀመሪያው የማርሽ ባንድ መነሻ ሆኑ፤ በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የመንግሥቱ ባንድ እንዲሆኑ አደረጉ፤ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን የክብር መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከነጻነት መመለስ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በ1955 በተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተቋቋሙት ኦርኬስትራዎች የዚህ መሥመር ቀጣዮች ሲሆኑ፣ በወለጋ ከተሞች የሚኖር ሰው ሙዚቃቸውን የሚያውቀው በአብዛኛው በሬዲዮ ነበር። ክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ ማዳመጥ እንጂ ኦርኬስትራ ማቋቋም የሚችል መስሎ የታየበት ዘመን አልነበረም፤ ጉድለቱም የችሎታ ሳይሆን የተቋም ነበር።

በዚያው ዘመን ነቀምቴና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች በሌላ በኩል፣ በተጻፈ መዝሙር አማካይነት፣ ወደ አዲስ የኅብረት ዝማሬ ይገቡ ነበር። በሕፃንነቱ በባርነት ተሽጦ በምጽዋ ነፃ የወጣውና በስዊድን የተማረው ኦኔስሞስ ነሲብ በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በምጽዋ አቅራቢያ በሚገኘው በእምኩሉ ሚስዮን የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ ወጥታ በዚያው ሚስዮን የተማረች ስትሆን፣ በማስታወሷ ያቆየቻቸውን ከ500 የማያንሱ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌያዊ ንግግሮች በጽሑፍ አኖረች፤ ከእነዚህም የተመረጡት በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። የዚህች ሴት ሥራ በወለጋ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ባንድ በፊት ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም የዘፈን ግጥም ከአፍ ወደ ወረቀት ተሸጋግሮ በማይደበዝዝ መልኩ እንዲቀመጥ ያደረገች በመሆኗ ነው። ኦኔስሞስና አስቴር በ1904 ነቀምቴ ገብተው በትምህርትና በስብከት ሲሠሩ፣ ቀደም ሲል ቦጂ የደረሱት ወንጌላዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ደግሞ በምዕራቡ በኩል ተመሳሳይ ሥራ ጀምረው ነበር፤ ኦኔስሞስም በ1931 እስኪያርፍ ድረስ በነቀምቴ ኖረ።

የታተመው መዝሙር ያመጣው ለውጥ በጥሞና መታየት ያለበት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዘፈን ከነቀምቴ ወደ ነጆ ሲሄድ ግጥሙም ዜማውም እንደ አውጪው ችሎታ ይለዋወጥ ነበር፤ መጽሐፉ ከመጣ በኋላ ግን በነቀምቴ፣ በቦጂ፣ በአይራና በደምቢ ዶሎ የሚሰበሰቡ ምእመናን አንዱን መዝሙር በአንድ ዓይነት ቃል ለመዘመር ቻሉ። ይህ ለመዘምራን ጓድ መፈጠር ዋናውን መሠረት የጣለ ሲሆን፣ ከ1959 ጀምሮ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተደራጁት ምእመናንም የመዘምራንን ጓድ የወጣቶቻቸው ዋነኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አድርገውታል። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ዜማዎች ከአውሮፓ የመጡ ስለ ነበሩ፣ የአካባቢው ዜማና መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ከአምልኮው ደጅ ውጭ ቀርቷል፤ ይህ ጥቅሙን ሳያስክድ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ኪሳራ ነው።

የአገሩን መሣሪያ በኦርኬስትራ ደረጃ የማደራጀት ሐሳብ ጎልቶ የወጣው በ1960ዎቹ ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ተጫዋቾችን አሰባስቦ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በዚህ ጓድ ውስጥ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እንቢልታ፣ መለከትና ከበሮ በአንድ መድረክ ላይ ተሰልፈው፣ ቀድሞ በየራሳቸው ቦታ ብቻቸውን ይሰሙ የነበሩት መሣሪያዎች ድርሻ ተሰጥቷቸው በጋራ እንዲጫወቱ ተደረገ። ጓዱን ከኤል ዳብ በኋላ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባል የነበረው ጆን ኮ፣ ከዚያም ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተስፋዬ ለማ መሩት፤ በ1969ም ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሙዚቃውን አቀረበ። በዚሁ ዘመን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የኢትዮጵያን ዜማ ለአውሮፓ መሰል ኦርኬስትራ እየደረሱ ነበር። ሁለቱ መንገዶች እኩል የተከበሩ ቢሆኑም ለወለጋ የሚበጀው አርአያ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በእጅ ያለውን መሣሪያ ይዞ ተነሥቷልና።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የክፍለ ሀገር ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት መዋቅር አገኘ። ደርግ በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች እንዲደራጁ ስላደረገ፣ በወሎ ላሊበላ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ የተባሉት ቡድኖች በመላ አገሪቱ ስም ያተረፉ ሲሆን፣ ወለጋም በዚሁ መዋቅር ውስጥ የራሷን የኪነት እንቅስቃሴ አካሂዳለች። የኪነት ቡድን ሲባል ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ተጫዋችን በአንድ የያዘ፣ ክራርና ማሲንቆን ከአኮርዲዮን፣ ከጊታር፣ ከኦርጋንና አንዳንዴም ከሳክስፎን ጋር ያጣመረ፣ በአዳራሽም በአደባባይም የሚሠራ ጓድ ማለት ነው። የቡድኖቹ ዋና ዓላማ የመንግሥትን መልእክት ማድረስ ስለ ነበር፣ ግጥሞቹ በካድሬ ዓይን ይመረመሩ፣ መድረኩም ለምርት ዘመቻ፣ ለመሠረተ ትምህርትና ለጦርነት ቅስቀሳ ይውል ነበር። ቢሆንም ይኸው መዋቅር ለአንድ የገጠር ማሲንቆ ተጫዋች የልምምድ ሰዓት፣ የሥራ ባልደረባና አበል አስገኝቶለታል፤ የኦሮምኛ ዘፈንም በከተማ መድረክ ላይ ከአማርኛው ጎን በይፋ እንዲሰማ ዕድል ከፍቷል። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ ቡድኖች ሲበተኑ፣ ፖለቲካው አብሮ መሄዱ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ የልምምድ ክፍሎቹ፣ መሣሪያዎቹና የካሴት ክምችቶቹ አብረው መጥፋታቸው ግን በምንም ምክንያት ሊደገፍ አይችልም።

ዛሬ በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሶሳም የራሷ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትና የወለጋ ሙዚየምም በነቀምቴ ቆመዋል። እነዚህ ተቋማት በቀድሞው ዘመን ያልነበሩ ናቸው። የዋዛ ጓድ የያዘ ሠሪና ተጫዋች በሕይወት ሳለ አሠራሩን ከቅል ምርጫው ጀምሮ በምስልና በድምፅ መቅረጽ፣ የእያንዳንዱን መለከት ርዝመትና ድምፅ መዝግቦ ማኖር፣ የኪነት ዘመን ተጫዋቾችን ቃል መቀበል፣ አንድም ቫዮሊን መግዛት ሳያስፈልግ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። በነቀምቴ አንድ ቀን የክልል ኦርኬስትራ ይቋቋም ከተባለ የመጀመሪያው ወንበር ለዋዛው፣ ለማሲንቆውና ለክራሩ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የነሐስም ሆነ የክር መሣሪያ በእነርሱ ሥርዓት ላይ የሚጨመር ይሆናል።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በቤጊና በአሶሳ ያሉ አድማጮች የኪነት ቡድን ካሴት፣ የመድረክ ፎቶግራፍ፣ የፕሮግራም ወረቀት ወይም የቆየ የመዝሙር መጽሐፍ በቤታቸው ካለ፣ በላዩ ላይ የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ጽፈው በአቅራቢያቸው ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሙዚየም ወይም ዩኒቨርሲቲ ወስደው ቅጂው እንዲቀመጥ እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። የካሴት ፊልም በእርጥበትና በሙቀት ስለሚበላሽ፣ በተለይ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ይህን ሳያዘገዩ ቢያደርጉት ይመረጣል።